ትልቅ ሞተር በትንሽ ፍሬን

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «የሞተር ቅየራ የኢንዱስትሪያችን ጎሕ ነው» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉን ደጋግመን አንብበነዋል። በቅን ልቡና መጻፉን አንጠራጠርም። ብዕሩም ደካማ አይደለም። ይሁን እንጂ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም፤ በእኛ ግምት ጽሑፉ ጎሕ ብሎ ያሳየን የቃጠሎ ብርሃን ነውና።

የወንድማችን ነገር ባጭሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አገራችን ተራራማ ስለ ሆነች 1,000 ሲሲ ሞተር ያላት ቪትዝ አትበቃንም ይላል። ሁለተኛ፣ ሌላ መኪና ከመግዛት ሞተር መቀየር ይረክሳል ይላል። ሦስተኛ፣ ቅየራው ለመካኒኮቻችን እንጀራ፣ ለአገራችንም የእጅ ጥበብ ነው ይላል። ሦስቱንም በየተራ እንመልሳለን። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ያየንበትን ቦታ እንናገር።

በመስቀል ሰሞን ከመካከላችን ሦስታችን ወደ አዲሎ ወርደን ነበር። አገሩን የሚያውቅ እንደሚያውቀው ለከምባታ መሳላ፣ ለሀዲያ ያሆዴ ሲደርስ በአራቱም ማዕዘን የተበተነው ልጅ ወደ እናቱ ቤት ይሰበሰባል። የጥንቱ ሰው በእግሩና በበቅሎ ይመጣ ነበር። የዛሬው ሲሆንለት በቪትዝ ይመጣል። በገበያው ዳር አንዲት ነጭ ቪትዝ ክዳኗ ተከፍቶ፣ ጎረምሳው ሁሉ ከቧት አየን። የ1,000 ሲሲ ሞተሯ ወርዶ የ1,500 ሲሲ ተገጥሞላታል። ባለቤቱ የዕድሜ እኩያችን ነው። ገንዘቡን የላከለት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሙ ነው። ቤንዚን መስጫውን ሲረግጠው ሞተሩ አገሣ፤ ልጆቹም እልል አሉ። እኛም፣ እውነቱን መደበቅ አይገባንምና፣ አብረን አጨበጨብን።

ከአራት ሳምንት በኋላ ያቺው መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ግሎ አልይዝ ብሏት ከመንገድ ወጣች። የቆመችው በአንድ ገበሬ ጓሮ እንሰት ውስጥ ገብታ ነው። እንሰቱ ባይይዛት ኖሮ ከበስተኋላው ያለው ጎጆ ነበር፤ በጎጆውም ውስጥ ሰው ነበረበት። የተሰበረው እንሰት ስንት ዓመት የቆየ እንደ ሆነ፣ ካሣውንም ለመክፈል ከቤት ምን እንደ ተሸጠ ለአገሩ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ያን ጊዜ ጭብጨባችን አሳፈረን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ኀፍረት ልጅ ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ነጥቦች እንመለስ።

የመጀመሪያውን ነጥብ ግማሹን እንቀበላለን። ከባሕር ወለል ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ሆሳዕና የአየሩ ጥቅጥቅነት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በቀነሰ መጠን ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ በጃፓን ፋብሪካ 70 የፈረስ ጉልበት ተብላ የወጣችው ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ሆሳዕና ስትደርስ ከ56 ብዙም አትበልጥም። በፋብሪካ 87 ያህል የሚባለው ባለ 1,300 ሲሲ ሞተር ደግሞ በእኛ ደጋ 70 ያህል ይቀረዋል። ይህ ማለት በ1,300 የሚነዳው የደጋ ሰው የሚያገኘው የባሕር ዳርቻው ሰው በ1,000 የሚያገኘውን ነው። ስለዚህ ከፍታው ከሚገባን ጉልበት ይቆርጥብናል የሚለው ስሞታ እውነትነት አለው።

ነገር ግን ወንድማችን ከዚህ እውነት ተነሥቶ የት ደረሰ? 1,500፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይግባ አለ። ከፍታው የወሰደብንን መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ከተወሰደው በላይ መሻት ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ ደከመች የምትባለው ቪትዝ ሁሉ በእውነት ያነሳት የሞተር ስፋት ነውን? የአየር ማጣሪያዋ በአቧራ ታፍኖ፣ ካንዴላዎቿ በልተው፣ የነዳጅ መርጫዎቿ ቆሽሸው፣ ጎማዎቿ ነፋስ ጎድሏቸው፣ ለአምስት ሰው በተሠራው ወንበር ሰባት ሰው፣ በኋላው ሳጥን ሁለት ኩንታል ጤፍ ተጭኖባት «ሞተሩ አነሳት» የሚባለውን ስንቱን ሰምተናል! የተራበውን በሬ አርዶ ሌላ በሬ ከመግዛት በፊት ሣር መስጠት አይቀድምምን?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። ቅየራው ይረክሳል ተባለ። ይህን የሚለው ሰው ሞተር ሲል የሚታየው ብረቱ ብቻ ነው። ብረቱማ ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ተገዝቶ በፒካፕ ተጭኖ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከወረደ በኋላ ነው። የአዲሎውን ወጣት ለምነን ደረሰኞቹን ዘርግተን ስንደምር ለሞተሩ የከፈለው ከጠቅላላ ወጪው ግማሽ እንኳ አልሞላም። የቀረው ወዴት ሄደ? እንቍጠረው።

1ኛ. ካምቢዮ። ባለ 1,500ው ሞተር ካነስተኛው ይልቅ ግማሽ ያህል የበለጠ የማዞር ኃይል አለው። የትንሹ ሞተር ካምቢዮና ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች የተሠሩት ለትንሹ ኃይል ነው። ወጣታችን ገንዘብ ለመቆጠብ የድሮውን ካምቢዮ አስቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ካምቢዮው መጮኽ ጀመረ፤ የራሱን ካምቢዮ ለብቻው ፈልጎ ገዛ። መጀመሪያውኑ ሞተሩን ከነካምቢዮው ቢገዛ ኖሮ በረከሰለት።

2ኛ. ኮምፒውተርና ሽቦ። ይህ እንደ አባቶቻችን ቮልስዋገን በመፍቻና በጆሮ የሚስተካከል ሞተር አይደለም። ምን ያህል አየር እንደ ገባ የሚለካ፣ በዚያው ልክ ቤንዚን የሚመጥን፣ እሳቱንም የሚያዝ ኮምፒውተር አለው። የባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር ኮምፒውተር ባለ አራቱን ሊያዝ አይችልም። ባለ አራት ለባለ አራት ቢሆን እንኳ የ1,000ው መጠን ለ1,500ው አይሆንም። ሽቦውን ቈርጦ ቀጣጥሎ ማስነሣት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው መብራት ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ቤንዚኑም ያለ ልክ ይነዳል።

3ኛ. ራዲያተር። የበዛ ኃይል የበዛ ሙቀት ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። ራዲያተር የሚጠበቀው በክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ያረጀ፣ ራዲያተሩ ትንሽ፣ ሞተሩ ትልቅ ከሆነ ዳገት መካከል ቆሞ በጀሪካን ውሃ መለመን ነው።

4ኛ. ሞተሩን የሚሸከሙት ጎሚኒዎች፣ የፊት ሞላዎች፣ የጭስ መውጫውና ማርሚታው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደመር ግን የአንድ መምህር የወራት ደመወዝ ነው።

5ኛ. ፍሬን። ይህን በመጨረሻ የጻፍነው ሰዉ ሁሉ በመጨረሻ ስለሚያስበው ነው፤ ብዙውም ጭራሽ አያስበውም። በፊዚክስ ክፍል ሁላችንም ተምረናል፤ የሚሮጥ ነገር የያዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይወርድ የነበረ መኪና 90 ቢወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ። ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ አለፈ። ይህን ጉልበት የሚውጠው በሙቀት የሚነደው የፍሬን ሸራ ነው። ያቺ ነጭ ቪትዝ እንሰት ውስጥ የገባችው ሞተሯ ስለ ሰነፈ አልነበረም። ሞተሯ ደኅና ነበረ።

6ኛ. ቤንዚን። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሣት ጀመረ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ አለፈ። ሒሳቡን እንሥራው። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከቅየራ በኋላ 12 ብቻ ሄደች እንበል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳባት ቀድሞ 667 ሊትር ይበቃት ነበር፤ አሁን 833 ትጠጣለች። ልዩነቱ 166 ሊትር ነው። ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በየዓመቱ 16,600 ብር ለግሣት ይከፈላል ማለት ነው።

7ኛ. ሊብሬ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዘመን ሞተር ባለቤቱ እንደ ባርኔጣ የሚለዋውጠው ዕቃ አይደለም። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሊብሬው አንድ ቁጥር፣ ብረቱ ሌላ ቁጥር ሲናገር ባለቤቱ ለቦሎ ሲቀርብ ምን ይላል? መኪናውን ሲሸጥ ለገዢው ምን ያሳያል? አደጋ ቢደርስስ? ሞተሩ ደግሞ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ከሆነ ከሌላ ሰው መኪና የተሰረቀ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆነዋል? ከዚህም ሌላ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ አዲስ የቤት መኪና እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ እንዲከፍል ነው የተደነገገው። መንግሥት 1,300ን ድንበር አድርጎ ያጠረው ትንሿን መኪና ለትንሹ ሰው ሊያራክስ ነው። እኛ ግን ትንሿን በትንሽ ቀረጥ የገባችውን ወስደን በጓዳ በር ትልቅ እናደርጋታለን፤ ከዚያም ስለ ሕግ የበላይነት በክርክር መድረክ እንናገራለን!

ይህን ሁሉ ደምሮ ረከሰ የሚል ካለ ደመራውን እንደገና ይሥራው።

እዚህ ላይ አንድ ከበድ ያለ ነገር መናገር ግድ ነው። ይህ ገንዘብ ከየት የመጣ ገንዘብ ነው? ከምባታና ሀዲያ መሬቱ የጠበበ፣ ሰዉ የበዛ አገር ነው። ልጁ እርሻ ሲያጣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይነሣል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ያለው መንገድ ምን ዓይነት መንገድ እንደ ሆነ የማያውቅ ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና የታሸገ ሳጥን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። አየር አጥተው ሞቱ። እኛ ደግሞ በዚያ መንገድ ያለፈ ወንድም የላከውን ገንዘብ ሞተራችን የበለጠ አየር እንዲተነፍስ እናወጣዋለን! ይህን ስንጽፍ እጃችን ተንቀጥቅጧል። ወንድሙን ለመውቀስ አይደለም። የላከው በፍቅር ነው። የምንወቅሰው ፍቅሩን ለግሣት የሚያውለውን፣ ከዳር ቆመን የምናጨበጭበውንም ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ መካኒኮቹ ነው። በዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር አንጣላም። በአዲሎ አንድ ጢማቸው የሸበተ መካኒክ አነጋግረን ነበር። ያቺን መኪና እሳቸው አልሠሯትም፤ ከእንሰቱ ውስጥ ጎትተው ያወጧት ግን እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ስሕተቱ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው መፍቻቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ የገጠማት ልጅ እጁ ጎበዝ ነው። ቡሎኑን አይቻለሁ፤ አንድ የላላ የለም። ግን ማንም ቁጥሩን አላስተማረውም። እናንተ ቁጥሩን ታውቃላችሁ፤ ግን አንድ ቀን እዚህ መጥታችሁ አታውቁም።»

ይህ ንግግር ከማናቸውም መጽሐፍ በላይ ገረፈን። እጅና ቁጥር በአገራችን ተፋትተዋል። እጅ ጋራዥ ውስጥ በዘይት ይማስናል፤ ቁጥር እዚህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፣ ለፈተና ይሸመደዳል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ወንድማችን ጎሕ ያለው የሁለቱ መገናኘት ቢሆን ኖሮ እኛም አብረን በዘመርን። እሱ ግን ያመሰገነው እጅን ብቻውን ነው።

የሌላው ዓለም እንዴት አደረገ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1959 848 ሲሲ ሞተር ያላትን ትንሿን ሚኒ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ኩፐር በተባለው የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ስም ሚኒ ኩፐር ስትወጣ ሞተሯ 997 ሲሲ ሆነ። ወንድማችን ይህን ታሪክ ቢሰማ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይስማ፤ ሞተሩን ያሳደጉት ሰዎች በዚያው ቀን የፊቱን ፍሬን ከከበሮ ወደ ዲስክ ለወጡት። ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ አንዱን ሲነኩ ሌላውን መመዘን። ቶዮታም ቢሆን በዚያው በቪትዝ አካል 1,300ና 1,500 ሲሲ ሞተር ሲያስገባ ካምቢዮውንና ሽቦውን አብሮ ነው የለወጠው።

እንግዲህ ሞተር ከቶ አይቀየር ነው የምንለውን? አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉት ቪትዞች ለብዙ ዓመት መታደሳቸው፣ የሞተባቸውም ሞተር መተካቱ አይቀርም። በትክክል ከተያዘ መልካም ሥራ ነው። ሞተሩ በእውነት ካለቀ በዓይነቱ ይተካ። ዳገቱ ካስቸገረ ፋብሪካው ራሱ በዚያው አካል ላይ የገጠመው 1,300 ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦው በአንድነት ተገዝቶ ይግባ፤ ራዲያተሩና ፍሬኑ አብሮ ይታይ፤ አስቀድሞ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይነገር፤ ደረሰኙ ይቀመጥ። ይህን ለመፈጸም ገንዘብ የሌለው ሰው ለቅየራውም ገንዘብ የለውም ማለት ነው። ካንዴላውንና ማጣሪያውን ለውጦ፣ የጤፉን ኩንታል ለአይሱዙ ትቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ዳገቱን ይውጣ። ቀስ ብሎ የወጣ አፍሮ አያውቅም።

ለወቀሳ ብቻ እንዳንጽፍ ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአዲሎ ወደሚገኙ ጋራዦች ወጥተው ከመካኒኮቹ ጋር ይዋሉ። ሊያስተምሩ ብቻ አይሂዱ፤ መፍቻ መያዝንም ይማሩ። ጥፍሩ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ ቅዳሜውን እንዳልዋለ ይቈጠርበት።

ሁለተኛ፣ ቅየራ ከመደረጉ በፊት የሚታዩትን ነገሮች የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በሀዲይሳና በከምባቲሳ ተዘጋጅቶ በዚሁ ማባዣ መሣሪያ ይባዛና በየጋራዡ ግድግዳ ይለጠፍ። ወረቀቱ ሲጻፍ የመጀመሪያው መሥመር ፍሬን ይሁን።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን ለመመረቂያ ሥራ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ርእስ ከመቀበል ይልቅ የአንዲት ቪትዝ ፍሬን በአዲሎ ቁልቁለት ምን ያህል እንደሚግል ለክቶ የሚያመጣውን ተማሪ ያበረታቱ።

ወንድማችን በሚቀጥለው እትም ቢመልስልን ደስ ይለናል። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምነዋለን። ወደ አዲሎ ይውረድ። ከገበያው አልፎ ያንን ጓሮ ይጠይቅ። የተሰበረው እንሰት ጎን አዲስ ችግኝ ተተክሏል። ከችግኙ አጠገብ ቆሞ ወደ ጎጆው በር ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ይቍጠር። እኛ ቈጥረነዋል፤ ዘጠኝ ነው።